ከትልቅ ቤት ስለ መውጣት

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውኃ እስከ ላይኛው ፎቅ መውጣት የተሳናት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በደረጃው ላይ ይገናኛል። በሌላ ቀን በሩን ዘግቶ የሚኖር ጎረቤት በዚያን ዕለት ትንፋሹን ለመሰብሰብ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ቆሞም ያወጋል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ጥያቄ የቀረበልኝም እንዲህ ባለ ዕለት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ሁለት ጀሪካን አስቀምጦ ግድግዳውን ከተደገፈ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አለኝ። «ከሕመም ተነሥቶ በትልቅ ክለብ ውስጥ ከመቀመጥና ወደ ትንሽ ክለብ ሄዶ ከመጫወት የቱ ይሻላል?»

ጎረቤቴ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። የሱንም ሆነ የክለቡን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ክለቡ በአገራችን ስማቸው ከሚጠራው ታላላቅ ክለቦች አንዱ መሆኑን፣ እሱም በመሐል ተከላካይነት ዘጠኝ ዓመት የዚያን ክለብ ማልያ መልበሱን መናገር ይበቃል። ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። በሌላ ሙያ ይህ ዕድሜ የጉብዝና መጀመሪያ ነው፤ ለተከላካይ ጉልበት ግን ቀኑ ወደ ማምሻው የሚያዘነብልበት ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ጉበቱን ታመመ። መጀመሪያ ድካም፣ ቀጥሎ ምግብ አለመቅመስ፣ በመጨረሻም የዐይን ቢጫነት መጣ። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በእነዚያ ዓመታት በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ እየተዘዋወሩ ይካሄዱ ነበርና፣ «ወባ ይዞኝ ነው» እያለ አራት ወር ያህል ሰውን ሁሉ ሸነገለ። ቦታዬን እነጠቃለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለእንዲህ ዐይነቱ ሰው ነው። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሜዳው ቀርቶ አልጋ ተፈረደበት። ከስምንት ወር በኋላ ድኖ ሲመለስ፣ በቦታው የ21 ዓመት ወጣት ቆሞ አገኘ።

ክለቡ አላባረረውም። ደመወዙን አልከለከለውም፤ ከቡድኑ ጋር ይጓዛል፤ ፎቶግራፍ ሲነሡ አብሮ ይቆማል፤ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት የተጫወተው ቢደመር የአንድ ጨዋታ ያህል ደቂቃ ነው። በዚህ መካከል ከእኛ ሠፈር በአንድ አውቶቡስ በሚደረስበት ሜዳ ላይ የሚለማመድ፣ ስሙ ከከተማው ዳርቻ የማያልፍ አንድ ቡድን ሰው ላከበት። «ና፣ አምበላችን ሁን፤ ልጆቹንም እያየህ አቅናልን» አለው። ደመወዙ በግማሽ ይቀንሳል። የቤቱ የባንክ ዕዳ ደግሞ በየወሩ ይከፈላል።

እኔም ብዙ ሳላስብ «ተው፣ አትውጣ» አልሁት። ትልቅ ቤት ለመግባት የወሰደብህን ዘመን አስብ፤ ከወጣህ «ወደቀ» ይሉሃል፤ የወደቀ ዛፍ ደግሞ ምሳር ይበዛበታል፤ ታገሥ፣ ወጣቱ ሲደክም ተራህ ይመጣል አልሁት። በጥሞና ሰማኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጀሪካኖቹን አንሥቶ ወደ ላይ ወጣ። ወንበር ላይ ከመቀመጥ በቀር ሥራ ያጣው ያ ሰው፣ ሁለቱን ጀሪካን ይዞ ሲወጣ አንድም ጊዜ አላረፈም። እኔ ግን በአንዱ ጀሪካን ሁለት ጊዜ ቆምሁ።

ያን ዕለት ማታ የሰጠሁትን ምክር መለስ ብዬ ስመረምረው አላማረኝም። ለመሆኑ ያን ምክር የሰጠሁት ለማን ብዬ ነው? እውነቱን ለመናገር፣ እንግዳ ሲመጣብኝ ይህን ጎረቤቴን የማስተዋውቀው ስሙን ከመጥራቴ በፊት የክለቡን ስም በመጥራት ነበር። ያ ማልያ ከእኛ ደረጃ እንዳይጠፋ የፈለግሁት ለእሱ ሳይሆን ለራሴ ኩራት ኖሯል።

ከዚህ የባሰም አለ። ከብዙ ዓመታት በፊት የጻፍሁት አንድ ተውኔት በአንድ ትልቅ መድረክ ይታይልኝ ዘንድ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። በዚያው ጊዜ የአንድ ቀበሌ ወጣቶች የቴአትር ክበብ «እኛ እንሥራው» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በጨዋ ቃል እምቢ አልኋቸው፤ በልቤ ግን ንቄያቸው ነበር። ትልቁም መድረክ አልተገኘ፣ ወጣቶቹም ተበተኑ፣ ተውኔቱም በመሳቢያዬ ውስጥ እንዳለ ዘመኑ አለፈበት። እንግዲህ በደረጃው ላይ «ታገሥ» ያልሁት ሰውዬ፣ የራሴን ስሕተት ጥበብ አስመስዬ ነበር ያቀረብሁለት።

ነገሩን ለአንድ ጡረተኛ መምህር አጫወትኋቸው። መምህሩ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ከእኛ ብሎክ ሥር ባለው ቡና ቤት የእንግሊዝ ጨዋታ በታየ ቁጥር ከፊተኛው ወንበር የማይጠፉ፣ ከካኑ ዘመን ጀምሮ የአርሰናል ወዳጅ የሆኑ ሰው ናቸው። እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ወዳጅ ነኝ፤ በዚህም ምክንያት በመካከላችን ያለው ፍቅር ሁልጊዜ በሙግት የታጀበ ነው።

«ካኑን ረሳኸው?» አሉኝ። ናይጄሪያዊው ንዋንኮ ካኑ በ1988 ዓ.ም. ክረምት የአገሩን ቡድን በአምበልነት እየመራ በአትላንታ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። ወዲያው ወደ ኢጣሊያው ኢንተር ሲዛወር በተደረገለት ምርመራ ልቡ ላይ ከባድ ጉድለት ተገኘበትና በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙዎች ከእንግዲህ አይጫወትም አሉ። እሱ ግን ተመልሶ ተጫወተ፤ በ1991 ዓ.ም. አጋማሽ ኢንተርን ለቆ ወደ አርሰናል ሄደ፤ ከዚያም በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በሜዳ ላይ ቆየ። በስሙ ባቋቋመው ድርጅትም ልባቸው የታመመ አፍሪካውያን ሕፃናትን አሳከመ። «መልቀቅ ሞት ቢሆን ኖሮ» አሉ መምህሩ፣ «እኛ ካኑን ባላየነው ነበር።»

«ካኑ ሲታመም የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ የእኛ ሰው ግን 33 ሞልቶታል። ደግሞም ከትልቅ ቤት ወደ ትልቅ ቤት ነው የሄደው» ብዬ ተከራከርሁ።

መምህሩም ሣቅ ብለው «እንግዲያውስ ወደ ራስህ ቤት እንግባ። ፍሌቸርስ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ዝም አልሁ፤ የምረታበትን ምስክር ከገዛ ቤቴ አውጥተውብኛልና።

ዳረን ፍሌቸር ስኮትላንዳዊ ነው። ገና በልጅነቱ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ የታዳጊዎች ቡድን ገባ፤ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ከዋናው ቡድን ጋር ተሰለፈ። ሩኒና ሮናልዶ ባሉበት ቡድን ውስጥ የተመልካች ዐይን የሚያርፍበት ተጫዋች አልነበረም፤ ሥራው ኳስን ከባላጋራ ነጥቆ ለጓደኛ ማቀበል ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እኛ የአርበኞችን የድል በዓል አክብረን በዋልንበት ዕለት ምሽት፣ ማንቸስተር አርሰናልን በገዛ ሜዳው 3 ለ 1 ሲያሸንፍ በቀይ ካርድ ወጣ። በዚህም ሳቢያ በሮም የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ አመለጠው፤ ባርሴሎናም 2 ለ 0 አሸነፈ። አርሰናላዊው መምህር እንኳ ሳይቀሩ «ኳሷን ነበር የነካው፤ ያ ካርድ አይገባውም» ይላሉ።

ይህ ሰው ታመመ። ሕመሙ ትልቁ አንጀት እየቆሰለ የሚደማበት፣ ሰውን በቀን ደጋግሞ ወደ መፀዳጃ ቤት የሚያስሮጥ፣ ሥር የሰደደ በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው መንገር ያሳፍራልና ፍሌቸርም ለረጅም ጊዜ ደበቀው፤ ለጓደኞቹ ሳይቀር ሌላ ሌላ ምክንያት ይሰጥ ነበር። ጎረቤቴ በወባ እንዳመካኘ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ክለቡ የበሽታውን ስም በይፋ ገለጠና ከጨዋታ እንዲያርፍ ተደረገ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ግን ከባድ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እንደገና ሜዳ ገባ። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ አዲሱ አሠልጣኝ ሉዊ ቫን ሃል ምክትል አምበል አደረጉት።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ክብር አልጎደለበትም። ሹመቱ አለ፣ ስሙ አለ፣ ወንበሩም አለ። የጎደለው ጨዋታ ብቻ ነበር። ለዚያ ክለብ 342 ጊዜ የተሰለፈው፣ አምስት ጊዜ የእንግሊዝን የሊግ ዋንጫ ያነሣው ሰው፣ በጥር 2007 ዓ.ም. 31 ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ዌስት ብሮምዊች አልቢዮን ወደተባለው አነስተኛ ክለብ ሄደ። እዚያም አምበል ሆነ፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተጫወተ፤ ከዚያም ወደ ስቶክ ሲቲ አለፈ። ያ የተቆረጠና የተሰፋ ሰውነት ትልቁ ቤት ውስጥ ቢቀር ኖሮ መዳኑን ራሱም ባላወቀ ነበር። የዳነ ሰው መዳኑን የሚያውቀው ሥራ ሲሠራ ነውና።

ይሁንና ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሰውዬው መቆየት እየፈለገ ቤቱ «ይብቃህ» የሚለውም አለ። የባርሴሎናው ኤሪክ አቢዳል በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በግንቦት ወር በዌምብሌይ ሜዳ ባርሴሎና ማንቸስተርን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ አቢዳል ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው ተጫወተ፤ አምበሉ ካርለስ ፑዮልም የአምበልነቱን ምልክት በክንዱ ላይ አስሮለት ዋንጫውን በመጀመሪያ እሱ እንዲያነሣ አደረገ። ያን ምሽት ቡድኔ ተሸንፎ እያለ ያጨበጨብሁ መሆኔን አልክድም። በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ሰው ጉበት ተተከለለት። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ተመልሶ ሜዳ ገባ። በግንቦት ግን ውሉ እንደማይታደስለት ተገለጠ። በመሰናበቻው ዕለት መቆየት ይፈልግ እንደ ነበር አልሸሸገም። ወደ ሞናኮ ሄዶ አምበል ሆነ።

የፍሌቸርና የአቢዳል አወጣጥ አንድ አይደለም። አንደኛው የራሱን እግር አንሥቶ ወጣ፤ ሁለተኛው በሩ ተከፍቶ ተጠበቀው። ሥራው በሁለቱም ዘንድ ቀጠለ፤ ልብን በማሳመም ረገድ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። መውጣት አይቀሬ ከሆነ፣ ሰው ገና በእጁ ላይ ምርጫ ሳለ ቢመርጥ ይሻላል ያሰኘኝ ይህ ነው።

የራሳችንን ታሪክ ብናይስ? አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ነበር። ያን ጊዜ «ታምሜያለሁና ልቅር» ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ እሱ ግን ሮጦ ሁለተኛውን ወርቅ አመጣ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ደግሞ እግሩን ታሞ ሩጫውን ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አቋርጦ ወጣ፤ የዕድሜ እኩያው ማሞ ወልዴ ቀጠለና አሸነፈ። ሰውዬው አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሕመም ጋር ቆየ፣ አንድ ጊዜ ከሕመም የተነሣ ወጣ፤ ሁለቱም ትክክል ነበር። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላም፣ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ። ከሩጫ ወጣ እንጂ ከስፖርት አልወጣም። በማራቶን ሁለት ጊዜ ዓለምን ያሸነፈ ሰው፣ በቀስት ውድድር ተራ ተወዳዳሪ መሆንን አልናቀም።

በአንፃሩ እዚያው ኖረው ያገለገሉ አሉ። ስሙ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተለይቶ የማይነሣው መንግሥቱ ወርቁ፣ በጥር 1954 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ የመጨረሻዋን ግብ ያገባው ሰው፣ መጫወቱን ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም አሠለጠነ። እንዲህ ያለ ሰው ትልቅ ቤት ውስጥ ቢቆይ ማን ይፈርድበታል? ቤቱ ሥራ ሰጥቶታል፤ እሱም ሠርቷል። እንግዲህ ጥያቄው «ልውጣ ወይስ ልቆይ?» መሆኑ ቀርቶ «ሥራዬ የት ነው ያለው?» የሚል መሆን ይገባዋል ማለት ነው። ሥራው ትልቁ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይቆይ። ሥራው ወጥቶ ስሙ ብቻ እዚያ የቀረ ሰው ግን ስሙን ተከትሎ ሳይሆን ሥራውን ተከትሎ ይሂድ።

ይህ የኳስ ሜዳ ወሬ ብቻ አይደለም። መጽሔታችንን የምታነቡ መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የጥበብ ሰዎች እያንዳንዳችሁ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ። ድምፁ የደከመ ተዋናይ በትልቁ መድረክ ጥግ ጦር ይዞ ይቆማል፤ በወረዳ ቢሄድ ግን ሃያ ወጣት አነጋገርና አቋቋም ያስተምር ነበር። ከሕመም የተነሣ መምህር በቢሮ ውስጥ ወረቀት ይቆጥራል፤ ጎረቤቱ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት ግን ሰው አጥቶ ክፍሉን ዘግቷል። ጥፋቱ የሰውዬው ብቻ አይደለም። የወጣን ሰው «ወደቀ» የምንል እኛ ነን፤ ደጃፉን እያሳየን የምናስፈራራውም እኛ ነን። ትላልቆቹ ቤቶችም ዕዳ አለባቸው። ማንቸስተር በ2013 ዓ.ም. ፍሌቸርን የቴክኒክ ዲሬክተር አድርጎ ሾመው፤ ባርሴሎናም በ2010 ዓ.ም. አቢዳልን በስፖርት ኃላፊነት መልሶ ወሰደው። የወጣው ሰው በትንሹ ቤት የተማረውን ይዞ ሊመለስ እንደሚችል ቢታወቅ፣ መውጣት ይህን ያህል ባላስፈራም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውኃ እንደገና ጠፋችና ከጎረቤቴ ጋር በዚያው ደረጃ ላይ ተገናኘን። «ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ያልሁህን ቃል ልመልስ፤ አጥፍቻለሁ» አልሁት።

ሣቀ። «ጋሼ፣ ከፈረምሁ ሳምንት አልፎኛል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ጨዋታው ሁሉ በሌላ ከተማ ሆነ፤ በቴሌቪዥን ሲመለከትም የሚያየው ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው። አንድ ቀን ‹አባዬ፣ ያንተ ሥራ መቀመጥ ነው?› አለኝ። ለእሱ የምመልሰው አጣሁ።»

ስለ ዕዳው ጠየቅሁት። ባለቤቱ ከብሎኩ ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ መጀመሯን ነገረኝ። ቀላል እንዳልሆነም አልደበቀኝም፤ መደበቅ ያመጣበትን ያውቀዋልና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱ ቡድኑ የልምምድ ግጥሚያ ነበረው። ከመምህሩና ከልጁ ጋር ሆነን በአውቶቡስ ሄድን። ሜዳው ሣር የሌለው፣ ከየረር በኩል በሚመጣው ነፋስ አቧራው የሚነሣ ነው። ተመልካቹ ከመቶ አይበልጥም። ጎረቤቴ አምበል ሆኖ ገባ። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይህን ለማየት የኳስ ሊቅ መሆን አያሻም። ነገር ግን እጁን እየዘረጋ የግራውን ልጅ ያስጠጋል፣ የቀኙን ያስወጣል፣ ግብ ጠባቂውን ይጠራል፤ እነዚያም ወጣቶች ዐይናቸውን ከሱ አያነሡም።

ልጁ በእኔና በመምህሩ መካከል ተቀምጦ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ወደ መምህሩ ዞር ብሎ «አባዬ ለምን እንደ ሌሎቹ አይሮጥም?» አላቸው።

መምህሩም «ኳሷ የምትመጣበትን ስለሚያውቅ ቀድሞ እዚያ ይቆማል» ብለው መለሱለት።

ልጁ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ኳሷ ወደዚያ ስትመጣ አየና ብድግ ብሎ ጮኸ።